አባ ሄሮኒሞስ ዘቤተ ልሔም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ፈረንጆች ጄሮም የሚሉት አባ ሄሮኒሞስ በቤተ ልሔም ከጌታ ልደት ዋሻ አጠገብ 34 ዓመት ያህል በጾምና በመጻሕፍት የኖረ፣ ካህን ሆኖ ሳለ ግን ለመቀደስ የፈራ አባት ነው። የሮሜ ካቶሊካውያን ከአራቱ ታላላቅ የላቲን መምህራን አንዱ አድርገው ያከብሩታል፤ የኖረው ግን ከኬልቄዶን ጉባኤ አስቀድሞ ነው።

በ347 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በድልማጥያ ዳርቻ በምትገኝ ስትሪዶን በምትባል ከተማ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። ለትምህርት ወደ ሮሜ ተልኮ ከስመ ጥሩው መምህር ከዶናቱስ ሰዋስው ተማረ። የወጣትነቱ ኑሮ ንጹሕ እንዳልነበረ ራሱ አልሸሸገም፤ ሆኖም በየእሑዱ ከጓደኞቹ ጋር ከምድር በታች ወዳለው የሰማዕታት መቃብር ይወርድ ነበር። የተጠመቀውም በዚያው በሮሜ ነው።

የምንኩስና አሳብ ካደረበት በኋላ መጻሕፍቱን ይዞ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። አንጾኪያ ሲደርስ ጽኑ ሕመም ያዘው። በዐቢይ ጾም ወራት ትኩሳቱ በርትቶበት ሳለ በሰማያዊው ዳኛ ዙፋን ፊት ቆሞ አየ። ክርስቲያን መሆኑን ቢናገር፣ የክርስቶስ ሳይሆን የአረማዊው ሊቅ የሲሴሮ ደቀ መዝሙር ነህ ተብሎ ተገረፈ። ይጾም ነበርና፤ በጾሙ መካከል ግን የሲሴሮን ጣፋጭ ቃል ያነብ፣ የነቢያትን አነጋገር ይንቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ በሶርያ ወዳለው የካልኪስ በረሃ ገባ። ሥጋው በጾም ቢደርቅም ልቡናው ወደ ሮሜ ዘፈን ይመለስበት ስለ ነበር፣ አሳቡን ለመግታት ከአይሁድ ወገን ካመነ አንድ መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ ዕብራይስጥን ይማር ጀመር። የላቲን ሊቅ የሆነው ሰው እንደ ሕፃን ከፊደል ተነሣ፤ ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ተወው፣ ደግሞም ተመለሰበት። ይህን ድካም የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በ379 ዓ.ም. ገደማ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ ጳውሊኖስ ማዕረገ ቅስና ሊሰጠው ወደደ። ሄሮኒሞስ የተቀበለው ምንኩስናው እንዳይነካ፣ በአንድ አጥቢያም እንዳይታሰር ተስማምቶ ነው። ቀጥሎ በቍስጥንጥንያ ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ተማረ፤ በሮሜም ለሊቀ ጳጳሱ ለደማስዮስ ጸሐፊ ሆኖ የላቲኑን ወንጌል አረመ። ደማስዮስ በ384 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ጠላት በዛበትና ከሮሜ ወጣ፤ በ386 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ተቀመጠ። ባለጸጋይቱ ጳውላ በገንዘቧ ገዳማትን ሠራች። እርሱም ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን መለሰ።

በገዳሙ ግን ችግር ነበር። ሄሮኒሞስና ባልንጀራው ቪንኬንትዮስ ሁለቱም ቀሳውስት ሆነው ሳሉ ከትሕትና የተነሣ መሠዊያውን ፈርተው አይቀድሱም ነበር። መነኮሳቱ ሥጋውን ደሙን የሚያቀብላቸው አጡ። በ394 ዓ.ም. የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስ፣ በኢትዮጵያ አክሲማሮስ በተባለው መጽሐፍ ስሙ የሚጠራው፣ ዛሬ ቤት ጉቭሪን በሚባለው አገር አጠገብ በነበረው ገዳሙ ሳለ የሄሮኒሞስ ታናሽ ወንድም ጳውሊንያኖስ ከሌሎች መነኮሳት ጋር ወደ እርሱ መጣ። ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነበር። እርሱም እንደ ወንድሙ ሹመትን የሚሸሽ ነበርና ኤጲፋንዮስ በዲያቆናት አስያዘው፤ በክርስቶስ ስም አስምሎ እንዳያስተዋቸው አፉን አስይዞ ዲቁና ሾመው። ሲያገለግል ሳለም እንደገና አፉን አስይዞ ቅስና ሰጠው። እንዲህ ያለ ሹመት ዛሬ ይገርማል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙዎች እየተያዙ ይሾሙ ነበር።

የኢየሩሳሌሙ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ ሥልጣኔ ተደፈረ ብሎ ተቈጣ። ኤጲፋንዮስ ሹመቱን የሰጠሁት በዮሐንስ ሀገረ ስብከት አይደለም ብሎ መለሰ። ሁለቱ አስቀድሞ በአርጌንስ ትምህርት ተጣልተው ነበርና ክርክሩ ጸና። የጳውሊንያኖስን ክህነት የተቀበሉ ሁሉ ከልደት ቤተ ክርስቲያን ተከለከሉ፤ እነ ሄሮኒሞስ በደጁ እየኖሩ ዋሻውን ከሩቅ ያዩ ነበር። በአንደበቱ ቍጡ የነበረው ሄሮኒሞስ በዮሐንስ ላይ እጅግ መራራ ቃል ጻፈ፤ ይህ የሚያስመሰግነው አይደለም። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ ገብቶበት ታረቁ።

በእርጅናው ዘመን ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ በየቀኑ መነኮሳት እንደሚመጡና እንደሚቀበላቸው ለአንዲት ሴት በላከው ደብዳቤ ገልጿል። በ420 ዓ.ም. ገደማ ዐርፎ በቤተ ልሔም ተቀበረ። በልደት ቤተ ክርስቲያን ጎን ካለው ከካቶሊካውያኑ የቅድስት ካትሪና ቤተ ክርስቲያን በደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ተሳላሚ የሄሮኒሞስ መጻፊያና መቃብር እየተባለ የሚታየውን ዋሻ ያገኛል፤ የጳውላም መቃብር በዚያው ይታያል።