ፒተር ብሩጌል፥ የባላገር ሠርግና የሕፃናት ጨዋታ ሠዓሊ

የቀደሙት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ብሩሻቸውን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ለቅዱሳን፥ ለነገሥታትና ለመኳንንት ነበር። ባላገሩ በሥዕላቸው ቢገባ እንኳ በዳር የሚቆም አጃቢ እንጂ ባለ ጉዳይ አልነበረም። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች አንዱ በኔዘርላንድ ምድር የኖረው ፒተር ብሩጌል ነው።

ብሩጌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1525 እና በ1530 ዓ.ም. መካከል እንደ ተወለደ ይገመታል። በ1551 ዓ.ም. በአንትወርፕ ከተማ የሠዓሊዎች ማኅበር ውስጥ በመምህርነት ተመዘገበ። ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ተጓዘ። በዘመኑ ወደ ሮማ ደርሶ የተመለሰ ሠዓሊ ሁሉ የሮማውያንን አሣሣል ለመምሰል ይጣጣር ነበር፤ እርሱ ግን ከመንገዱ ይዞ የተመለሰው ይልቁንም የአልፕስን ተራሮች ግርማ ነው። ልቡም ከአገሩ ሰዎች አልራቀም።

በ1559 ዓ.ም. የሕዝቡን ምሳሌያዊ ንግግር በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰበሰበ። አንዱ ራሱን ከግንብ ጋራ ያጋጫል፤ አንዱ አሳማ ይሸልታል፤ ሌላው ጥጃው ከሰጠመ በኋላ ጕድጓዱን ይደፍናል። እንዲህ እያለ ከመቶ የሚበልጥ ምሳሌ በአንድ መንደር ውስጥ ይታያል። በሚከተለው ዓመት ደግሞ የሕፃናትን ጨዋታ ሣለ። በዚህ ሥዕል ከ200 የሚበልጡ ልጆች ሰማንያ ያህል ጨዋታ ሲጫወቱ ይታያሉ፤ ቀለበት የሚያሽከረክር፥ በረጅም እንጨት ላይ ቆሞ የሚራመድ፥ ዓይኑን ተሸፍኖ ጓደኞቹን የሚፈልግ አለ። ፊታቸው ሥራ እንደ ያዘ ሰው ፊት የተመሰጠ ነው።

የሕይወቱን ታሪክ በ1604 ዓ.ም. ያሳተመው ካሬል ቫን ማንደር እንደሚተርከው፥ ብሩጌል ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ ጋራ የባላገር ልብስ ለብሶ፥ ስጦታም ይዞ፥ የሙሽሮቹ ዘመድ መስሎ በየሠርጉ ይገኝ ነበር። በ1567 ዓ.ም. ገደማ የሠራው የባላገር ሠርግ ሥዕል ይህን የሚያስታውስ ነው። ድግሱ በጐተራ ውስጥ ነው፤ ምግቡን ሁለት ሰዎች ከማጠፊያው በተነቀለ መዝጊያ ላይ ደርድረው ይሸከማሉ፤ ከፊት አንድ ሕፃን ትልቅ ባርኔጣ ዓይኑን ሸፍኖት ሳህኑን በጣቱ ይጠርጋል።

ብሩጌል በ1563 ዓ.ም. የሠዓሊ ልጅ የሆነችውን ማይከንን አግብቶ በብሩክሴል ተቀመጠ። ነገር ግን ዘመኑ ክፉ ነበረ። በ1567 ዓ.ም. የእስፓንያ ንጉሥ የላከው የአልባ መስፍን ከነሠራዊቱ ገብቶ፥ በሃይማኖትና በዐመፅ ምክንያት ብዙ ሰው አስገደለ። ብሩጌል በ1569 ዓ.ም. ሞተ። ቫን ማንደር እንደ ጻፈው፥ በሚስቱ ላይ መከራ እንዳይመጣ ፈርቶ፥ የነቀፌታ ቃል ያለባቸውን አንዳንድ ንድፎች እንድታቃጥል አዝዟት ነበር። ስለዚህ የሥራው ከፊል እሳት በልቶታል ማለት ነው።

ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። ሆኖም የእናታቸው እናት ማይከን ቬርሁልስት ራሷ ሠዓሊ ስለ ነበረች፥ ታናሹን ያንን የቀለም ሥራ መጀመሪያ ያስተማረችው እርሷ እንደ ሆነች ይነገራል። ሁለቱም አድገው ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሆኑ።

ከብሩጌል እጅ የተረፉት ሥዕሎች አርባ ያህል ሲሆኑ፥ አሥራ ሁለቱ በቪየና ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የሕፃናቱ ሰሌዳም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የጥንት ጨዋታዎችን የሚመረምሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይመለከቱታል። ያ ሠዓሊ ቆሞ ባይመለከት ኖሮ ከእነዚያ ጨዋታዎች ስንቱ ተረስቶ በቀረ ነበር። በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤት ግቢ የሚቆም መምህርም በየቀኑ ይህንኑ የመሰለ ትዕይንት በፊቱ ያገኛል። ልጆች የሚጫወቱትን፥ ሽማግሌዎችም የሚመስሉትን ምሳሌ አስተውሎ የሚመዘግብ መምህር፥ ለሚመጣው ትውልድ ሌላ ማንም ሊተካው የማይችለውን ሀብት ያቆያል።