ሼክ ባቢከር በድሪና የሩፋዓ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት

ሰውን ከዕውቀት የሚያርቀው ድኽነት ወይም የትምህርት ቤት እጥረት ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ይልቅ የሚከብደው ልጁ ገና ፊደል ሳይቈጥር አስቀድሞ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ይህ ልጅ አይችልም፤ ይህች ልጅ ብትማርም አይጠቅማትም፤ ይህ ሕዝብ ገና አልደረሰም የሚለው አስተያየት በአንድ አገር ሥር ከሰደደ፣ የትምህርት ቤቱ በር ቢከፈትም በዚያ በር የሚገባው ጥቂት ይሆናል። በእኛም አገር ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለው ተረት ስንት ልጃገረዶችን ከትምህርት እንዳስቀረ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በጎረቤታችን በሱዳን እንዲህ ያለውን ፍርድ በቃል ክርክር ሳይሆን በሥራ ያፈረሱ አንድ መምህር ነበሩ። እኒህም ሼክ ባቢከር በድሪ ናቸው። ታሪካቸው ለሙያ ባልደረቦቼ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ በአጭሩ አቀርበዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ባቢከር በድሪ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በሰሜን ሱዳን ነው። ያደጉት ግን ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከጣና ፈልቆ በሚወርደው በዓባይ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ ከተማ ነው። እንደ ዘመኑ ልጆች ቍርኣን ተምረው ወጣት በሆኑ ጊዜ የመሐዲን ጦር ተከተሉ፤ በ1885 በመሐዲስቶች እጅ የወደቀችውን ካርቱምን ከከበቡት ወታደሮችም አንዱ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት በ1889 ዓመት፣ ባቢከር በሌላው ግንባር ወደ ግብፅ ከዘመተው የመሐዲስቶች ጦር ጋራ ነበሩ። ጦሩ ቶስኪ ላይ ድል በሆነ ጊዜ ተማርከው በግብፅ ቈዩ። ከምርኮ ተመልሰው በኦምዱርማን ከኖሩ በኋላ፣ በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር የመሐዲስቶችን መንግሥት በከረሪ ሜዳ ሲያጠፋ በዚያም ውጊያ ነበሩ። እንግዲህ ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት ወጣትነታቸው በጦር ሜዳ ካለፈና የተዋጉለት መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ነው። በመሸነፋቸው ተማረው እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ በቻሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ማስተማር ዞሩ።

በ1903 በሩፋዓ የወንዶች ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ኀላፊው እሳቸው ሆኑ። በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። አዲሱ አስተዳደር የሚፈልገው ጥቂት ጸሓፊዎችና የእጅ ሙያተኞች እንዲገኙለት ስለ ነበረ፣ የሴቶች ልጆች ትምህርት በዕቅዱ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም። በካርቱም ሚሲዮናውያን የከፈቷቸው የሴቶች ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም፣ ብዙ እስላም አባቶች ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይለውጣሉ ብለው ይፈሩ ነበር። ሼክ ባቢከር ግን ከራሱ ከሕዝቡ ወገን የሆነ መምህር በራሱ ከተማ ቢያስተምር ይህ ፍርሀት ይወገዳል ብለው አሰቡ። ስለዚህ በ1904 የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። በ1906 እንደ ገና ጠየቁ፤ አሁንም አልተፈቀደላቸውም።

የክልከላውን ምክንያት መመርመር ለእኛ ለመምህራን እጅግ አስፈላጊ ነው። ሹማምንቱ የመሐዲን አመፅ አልረሱምና፣ የሕዝቡን ልማድ የነካን እንደ ሆነ ሁከት ይነሣል ብለው ሰጉ። ሕዝቡ ገና አልተዘጋጀም የሚለውም መልስ ከዚህ የመጣ ነው። በከተማውም በኩል የተማረች ልጅ ስሟ ይጠፋል፤ ለባዕድ ወንድ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ባልም አታገኝም የሚል ሐሜት ነበር። እንግዲህ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች እንደ ሁለት ያዘመሙ ግድግዳዎች ተደጋግፈው ቆሙ። አባት የመንግሥትን ዝምታ እንደ ማስረጃ ይቈጥረዋል፤ ሹሙ ደግሞ የአባትን ጥላቻ እንደ ምክንያት ያቀርበዋል። በመካከል ልጅቱ ሳትማር ትቀራለች፤ አለመማሯም ተመልሶ ላለመቻሏ ምስክር ሆኖ ይጠቀስባታል።

በመጨረሻ በ1907 ፈቃዱ ተገኘ፤ ነገር ግን በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ኀላፊነት እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ማለት ነገሩ ቢበላሽ መንግሥት እጁን ይታጠባል ማለት ነው። ሼክ ባቢከርም ቅድመ ሁኔታውን ተቀብለው በጭቃ ቤታቸው ውስጥ 17 ልጃገረዶች ሰብስበው ትምህርት ጀመሩ። ከ17ቱ ዘጠኙ የገዛ ቤተ ሰባቸው ልጆች ሲሆኑ፣ ስምንቱ የጎረቤቶቻቸው ልጆች ነበሩ። የጥበባቸው ምሥጢር በዚህ ቍጥር ውስጥ ይገኛል። የሰውን ልጅ ለሙከራ አምጡልኝ አላሉም፤ ሐሜቱ የሚወድቅ ከሆነ አስቀድሞ በራሳቸው ቤት ላይ እንዲወድቅ አደረጉ። ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከሒሳብ ጋራ ሃይማኖትና የልብስ ስፌት ይሰጥ ነበር። ንባብን የሚጠራጠር ወላጅ እንኳ ልጁ የሰፋችውን ልብስ በዓይኑ ሊያይ ይችል ነበርና፣ ስፌቱ ለፊደሉ መንገድ ጠራጊ ሆነለት።

ጅምሩ በሩፋዓ ብቻ አልቀረም። በኋላ መንግሥት ራሱ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤቶችን እየከፈተ ሄደ፤ በ1921ም በኦምዱርማን የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ የአዋላጆች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የትምህርት ጕዳይ የጤና ጕዳይ መሆኑ ከዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። ማንበብ የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ የአስታማሚነት ሥራ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጠር ስለ ነበር፣ ወደ ማሠልጠኛው ከገቡት ብዙዎቹ ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። መድኀኒቱንም በጽሑፉ ሳይሆን በመልኩና በሽታው እንዲለዩ ማስተማር ግድ ሆነ። የኪቸነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 በካርቱም ሲከፈት የተማሪዎቹ ወንበር ሁሉ የወንዶች ነበር። የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ሐኪም ኻሊዳ ዛሂር የተመረቁት ከ28 ዓመት በኋላ በ1952 ነው። በሴቶች ልጆች ትምህርት ላይ የተነገረ ክፉ ቃል በወላድ አልጋ አጠገብ የሐኪም እጦት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ልማድ በትእዛዝ ብቻ እንደማይለወጥም ያችው ሩፋዓ አስተምራለች። እጅግ ጐጂ የሆነውን የሴት ልጅ ግርዛት የሚከለክል ሕግ በቅኝ አስተዳደሩ ከወጣ በኋላ፣ በ1946 በሩፋዓ አንዲት ሴት በዚህ ሕግ በታሰረች ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ ታላቅ ሁከት ሆነ። ሕጉ የጤናን ነገር የያዘ ቢሆንም፣ ባዕድ ገዥ ያወጣው ስለ ነበረ ሕዝቡ እንደ ውርደት ቈጠረው። ሼክ ባቢከር በ1907 በዚያች ከተማ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር፤ ሰውን በጎረቤትነትና በአርኣያነት ቀረቡት እንጂ አላስገደዱትም። በስማቸው የተሰየመው የባቢከር በድሪ የሴቶች ጥናት ሳይንሳዊ ማኅበር በ1979 ተመሥርቶ ስለ ግርዛት ጕዳት በማስተማር ብዙ ደክሟል። ድርጊቱን በመላው ሱዳን ወንጀል የሚያደርገው ሕግ የወጣው ግን በ2020 ነው።

ሼክ ባቢከር በትምህርት መርማሪነት ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ጡረታ ቢወጡም ሥራቸውን አላቆሙም። አሕፋድ፣ ማለት የልጅ ልጆች፣ የተባለውን የግል ትምህርት ቤት በሩፋዓ መሥርተው በ1930ዎቹ ዓመታት ወደ ኦምዱርማን አዛወሩት። በ1954 ሲያርፉ ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ ሥራውን ተረከቡ፤ በ1966ም አሕፋድ የሴቶች ኮሌጅን በ23 ተማሪዎች ከፈቱ። ኮሌጁ በኋላ ሕክምናን ጭምር የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2023 በካርቱምና በኦምዱርማን በተነሣው ጦርነት የከተሞቹ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ተዘግተው ተማሪዎቹ በየአገሩ ተበተኑ። ይሁን እንጂ የተማረ ሰው የተማረውን ይዞ ይሰደዳል፤ ግድግዳ ሲፈርስ አብሮ የማይፈርሰው ይህ ነው።

ሼክ ባቢከር ከዘመናቸው ልማድ ፈጽመው የወጡ ሰው አልነበሩም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤታቸው ልጃገረዶችን የሚያዘጋጀው ከሁሉ በፊት ለቤትና ለትዳር ነበር፤ ሐኪም ወይም ዳኛ ይሆናሉ ተብሎ የታቀደ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ፊደል የያዘ እጅ የሚደርስበትን አስቀድሞ የሚወስን መምህር የለም። በሩን የከፈተው ሰው ካሰበው ይልቅ በበሩ የገቡት ርቀው ሄዱ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ይህ ነው። ስለ ገጠር ልጅ፣ ስለ አካለ ስንኩል ልጅ፣ በሥጋ ደዌ ከተያዙ ወላጆች ስለ ተወለደ ልጅ፣ የክፍሉ ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ስላልሆነ ልጅ፣ በየትምህርት ቤታችን አስቀድሞ የሚሰጥ ፍርድ አለ። ሕዝቡ አልተዘጋጀም፣ ወላጁ አይፈቅድም የሚል ሪፖርት ለመጻፍ ስንነሣ፣ የጻፍነው የወላጁን አስተያየት ነው ወይስ የራሳችንን ብለን እንጠይቅ። መልሱ የራሳችን ሆኖ ከተገኘ፣ የሩፋዓው መምህር እንዳደረጉት ሥራውን ከገዛ ቤታችንና ከገዛ ክፍላችን እንጀምር፤ የማይችል የተባለውን ልጅ ከፊት ወንበር አስቀምጠን እናስተምረው።