ክላራ ሹማን፦ ፒያኖ ተጫዋችና መምህርት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንዲት ጀርመናዊት ፒያኖ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ነው። ታዲያ የፒያኖ ታሪክ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ይሠራልናል እንዳትሉኝ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጉዳዩ የእኛም መሆኑን ታዩታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላራ ቪክ በሴፕቴምበር 13 ቀን 1819 በላይፕሲክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪክ ቪክ ፒያኖ የሚያስተምርና ፒያኖ የሚነግድ ሰው ሲሆን፣ እናቷ ደግሞ ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ሕፃኗ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አፏን በደንብ ስላልፈታች ጆሮዋ አይሰማ ይሆን ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። አባትና እናቷ ሲለያዩ፣ በአገሩ ሕግ ልጅ የአባት ስለነበር ገና በአምስት ዓመቷ ከእናቷ ተነጥላ ከአባቷ ጋር ቀረች።

አባትዬው ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያስተምራታል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ያለማምዳታል፣ ንጹሕ አየር እንድታገኝ ደግሞ ረጅም መንገድ በእግሯ ያስኬዳታል። ልፋቱም ፍሬ አፈራ። በ1828 በዘጠኝ ዓመቷ ጌቫንድሃውስ በተባለው የታወቀ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቀረበች። በ16 ዓመቷ ራሷ የደረሰችውን የፒያኖ ኮንቼርቶ በሜንደልሶን በሚመራው ኦርኬስትራ ታጅባ ተጫወተች። በ1838 ደግሞ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛነት ማዕረግ ሰጣት። ያን ጊዜ ገና 18 ዓመቷ ነበር።

ነገር ግን ፍሪድሪክ ቪክ አንድ ትልቅ ስሕተት ነበረበት። ልጅቷን እሱ ስላስተማራት የግል ንብረቱ መሰለችው። ሌላው ቀርቶ የዕለት ማስታወሻዋን ለብዙ ጊዜ በእሷ ስም፣ እኔ እያለ የሚጽፈው እሱ ነበር! እንግዲህ አስቡት።

በ1830 ሮበርት ሹማን የሚባል ወጣት ፒያኖ ለመማር እነሱ ቤት ገባ። ሮበርት ቀኝ እጁ ስለተጎዳበት መጫወቱን ትቶ ወደ ሙዚቃ ድርሰት አዘነበለ። ክላራ ካደገች በኋላ ተዋደዱና በ1837 ልጅቷን ለጋብቻ ጠየቀ። አባትዬው ግን በፍጹም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቪክ ሮበርትን ሰካራም ነው ብሎ ቢከስም ማስረጃ ማቅረብ አቃተው። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ፈቀደላቸውና በሴፕቴምበር 12 ቀን 1840፣ ክላራ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ተጋቡ። ከአባቷ ጋር የታረቁት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ትዳሩም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ባሏ ሲደርስ ድምፁ እንዳይረብሸው እሷ ፒያኖዋን ዘግታ ትቀመጣለች። ስምንት ልጆች ወለደች፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተባት። በ1849 በድሬስደን አመፅ ሲነሣ ባልና ሚስት ትልቋን ልጃቸውን ይዘው ከከተማ ወጡ። ክላራ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ በሌሊት ወደ ውጊያው ተመልሳ፣ ቤት የቀሩትን ሦስት ልጆች ይዛ ወጣች።

ከዚህ የከፋው በፌብሩዋሪ 1854 መጣ። ሮበርት አእምሮው ታወከና ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። ሰዎች ቢያወጡትም ቦን አጠገብ ካለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ ክላራ እንዳታየው ስለከለከሏት ያየችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በጁላይ 29 ቀን 1856 አረፈ።

ሰባት ልጆች ማን ያብላቸው? ወዳጆቿ ገንዘብ እናሰባስብልሽ ቢሏትም አልፈለገችም። የመጨረሻ ልጇን በጁን 1854 ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ለኮንሰርት ጉዞ ተነሣች። ከዚያ በኋላ እንግሊዝን ጨምሮ ብዙ አገር ዞረች። በእርግጥ ዋጋ አስከፍሏታል። ልጆቿ በየዘመድና በየአዳሪ ትምህርት ቤት ተበታትነው አደጉ፤ ራሷም የሙዚቃ ድርሰቱን ከሞላ ጎደል ተወችው። ሆኖም ተጠብቀው የቆዩት የኮንሰርቶቿ ፕሮግራሞች ብቻ ከ1,300 ይበልጣሉ።

በ1878 በፍራንክፈርት በተከፈተው የሆኽ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የፒያኖ መምህርት ሆነች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ማሪና ኦይጌኒ እየረዷት እስከ 1892 አስተማረች። ከእንግሊዝ ሳይቀር ተማሪዎች እየመጡ ተምረው፣ በኋላ በስማቸው የታወቁ ሙዚቀኞች ወጥተውባቸዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ ፊት የተጫወተችው በ1891፣ በ71 ዓመቷ ነው። በሜይ 20 ቀን 1896 አርፋ ቦን ከተማ ከባሏ ጎን ተቀበረች። ከ1990 ጀምሮ ዩሮ እስኪተካው ድረስ የጀርመን የ100 ማርክ ኖት ላይ የነበረው ምስል የእሷ ነው።

እንግዲህ አባቷ ማስታወሻዋን በስሟ ጻፈ፣ ትዳሯንም ሊከለክላት ሞከረ። አንድ ነገር ግን መልሶ ሊወስድባት አልቻለም፤ ጣቶቿ ውስጥ ያስገባውን ትምህርት። ያን የከለከላትን ትዳር ችግር ላይ ሲወድቅ የደገፈችው፣ ሰባቱን ልጆችም ያሳደገችው በዚያው ትምህርት ነው። እኛም ነገ በየምድባችን ተማሪ ፊት ስንቆም ይህን ብናስብ ጥሩ ነው። ያስተማርነው ልጅ የኛ አይደለም፤ የሰጠነውም ዕውቀት አንዴ ከሰጠነው በኋላ የልጁ ነው። ከኛ ፈቃድ ውጭ ቢጠቀምበት ማስተማራችን ሠራ ማለት እንጂ ተከዳን ማለት አይደለም።