ማርትሬዛ፦ ፊቷ በጠገራ ብር ላይ የቀረው ንግሥት

በኢየሩሳሌም ከሃነቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ገባ ሲባል ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሥራው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲያልቅ፣ የኢትዮጵያ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ ነበር። ከብት የተገዛበት፣ ጥሎሽ የተሰጠበት፣ አንጥረኛ አቅልጦ የአንገት ጌጥ ያደረገው ያ ብር የማን ፊት እንዳለበት ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 በቪየና ተወለደች። አባቷ ቻርልስ 6ኛ ወንድ ወራሽ ስላልነበረው፣ ሴት ልጁ እንድትወርሰው ሌሎቹን መንግሥታት ቃል አስገብቶ ነበር። በ1740 ሲሞት ግን ቃሉ ተረሳ። ገና 23 ዓመቷ ሳለ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ሳይሌዢያ የተባለውን ሀብታም ግዛቷን ወረረ። ለዓመታት ተዋጋች፤ ዙፋኗን አተረፈች፣ ሳይሌዢያን ግን አላስመለሰችም። በዚህ ሁሉ መሀል 16 ልጆች ወለደች።

በ1744 የፕሩሲያ ጦር ፕራግን ይዞ ቆይቶ ለቅቆ ወጣ። ወዲያው የከተማዋ አይሁድ ጠላትን ረድተዋል የሚል ክስ ተነሣ። ንግሥቲቱ አይሁድን ድሮም አትወድም ነበርና በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከፕራግ እንዲወጡ አዘዘች። በብርድ ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሽማግሌውም ሕፃኑም ከቤታቸው ተሰደዱ። የእንግሊዝና የኔዘርላንድ መንግሥታት ሳይቀሩ አማለዱ። የተመለሱት በ1748 ነው፤ ያውም ከባድ ግብር እየከፈሉ።

ይቺው ንግሥት በ1774 ወንዱም ሴቱም ልጅ ትምህርት ቤት እንዲገባ ሕግ አወጣች። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። በብሩ ላይ የሚታየው ሻሽም የመበለትነቷ ነው። በ1780 አረፈች።

ሰውነቷ ቢቀበርም ብሯ አልቆመም። የቀይ ባሕር ነጋዴ የለመደውን ፊት ስለፈለገ፣ ያው 1780 የሚል ዓመት እየተጻፈበት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ተመታ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ዓመቱን አይተው አይገዙም። የደረት ጌጧን እንቁዎች ይቆጥራሉ፣ በጀርባው ያለውን የንስር ጅራት ላባ ይመረምራሉ። የኢትዮጵያ ገበያተኛም ነጥቡ ያልጠራለትን ብር አልቀበልም ይል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስመቱም፣ ገበያው ከማርትሬዛ በቀላሉ አልላቀቅ አለ።

በብሩ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ሁለት ቃላት ተቀርጸዋል፦ ፍትሕ እና ምሕረት። የንግሥቲቱ መመሪያ ነበሩ። በዚያ ብርድ ከፕራግ የወጡት አይሁድ ግን አንዱንም አላገኙም። ከአያቶቹ የወረሰው ማርትሬዛ በሣጥኑ ያለ ቤተሰብ፣ ለልጆቹ ሲያሳይ ፊቷን ብቻ አሳይቶ አይመልሰው፤ ጠርዙንም አዙሮ ያሳያቸው፣ ታሪኩንም ይንገራቸው።