አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ

ከጎብዬ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ወልዲያን፥ መርሳንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከሚገኘው ሰፊ ውሃ ነው። በዚህም ውሃ ዳር ቀድሞ ደሴት የነበረ፥ ኋላ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ መሬት አለ፤ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አንድ መነኩሴ ወደዚህች ደሴት መጥተው ለ45 ዓመት ያህል ተቀመጡ። እኒህ ሰው አባ ኢየሱስ ሞዓ ይባላሉ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በየአገሩ እየተዘዋወሩ አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናትን በመትከል ከሚታወቁት አባቶች መካከል አይቈጠሩም። እርሳቸው በአንድ ቦታ ተቀምጠው መጽሐፍ ያስጽፉና ያስተምሩ ነበር። ሆኖም ከእርሳቸው ዘመን በኋላ በአማራ፥ በሸዋና በጣና ደሴቶች የተተከሉትን ታላላቅ ገዳማት ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ የሚሄድ ሰው ደጋግሞ የሚደርሰው ወደዚህች ደሴት ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ዳህና በተባለው አገር ነው። ዳህና ከራያ ቆላ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ በዋግ ይገኛል። አባታቸው ዘክርስቶስ፥ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባሉ እንደ ነበር ገድላቸው ይተርካል። እዚህ ላይ ስለ ገድሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ገድሉ የተጻፈው አባ ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው የገዳሙን ክብር ከፍ ለማድረግ የተጋ ሰው ስለ ሆነ፥ የሚናገረውን ሁሉ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር እያመዛዘኑ ማንበብ ይገባል። ይህም ሲባል ገድሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ወጣትነት የሚነግረን ዋናው ምንጭ እርሱ ነው።

ወጣቱ ኢየሱስ ሞዓ ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸውንና አገራቸውን ትተው ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ደብረ ዳሞ በትግራይ የሚገኝ፥ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በገመድ እየተንጠለጠሉ ነው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዘመን ከመሠረቱት ጀምሮ የምንኵስና ትምህርት ዋና ማእከል ሆኖ ኖሯል። በዚያን ጊዜ የገዳሙ አበምኔት አባ ዮሐኒ ነበሩ። ኢየሱስ ሞዓ በእርሳቸው እጅ መነኰሱ፤ ሰባት ዓመት ያህልም ቀን በሥራ፥ ሌሊት በጸሎት እየደከሙ መጽሐፍ መጻፍን ተማሩ።

መጽሐፍ መጻፍ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበር ለዛሬ ተማሪ መገመት ያስቸግረው ይሆናል። ደብተርና እርሳስ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ጸሐፊው ወረቀቱንም ቀለሙንም ራሱ ያዘጋጅ እንደ ነበር አያስብም። በመጀመሪያ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ ሲደርቅም እስኪለሰልስ ይታሻል። ብራናው ተቈርጦ ከታጠፈ በኋላ መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ የሚሆን ቀይ ቀለምም ለብቻው ይዘጋጃል። ጸሐፊው ብራናውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ፥ ብዕሩን ከመቃ ቀርጾ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ያስቀምጣል። ለአንድ ወንጌል የብዙ ፍየሎች ቆዳ ያስፈልጋል፤ ሥራውም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ ለማለት ግድግዳና ጣራ ብቻውን አይበቃም ነበር። የሚነበብበት ወንጌል፥ የሚጸለይበት ዳዊት፥ የሚቀደስበት መጽሐፈ ቅዳሴ ከሌለ ቤቱ ባዶ ነው፤ መጽሐፉ ቢገኝም የሚያነበው ከሌለ ያው ባዶ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረውም ችግር ይኸው ነበር። የዛጔ ነገሥታት በላስታ ሆነው ይገዙ በነበሩበት ዘመን የክርስትና ሃይማኖት ወደ ደቡብ እስከ አማራና እስከ ሸዋ ድረስ ዘልቆ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ አገሮች የነበሩት ክርስቲያኖች በየቦታው ተበታትነው የሚኖሩ ነበሩ። ካህናቱ ልጆቻቸውንና ጥቂት የጎረቤት ልጆችን ንባብ ያስተምራሉ፤ ከዚያ የሚያልፍ ትምህርት የሚሻ ወጣት ግን በእግሩ ብዙ ቀን ተጕዞ ወደ ትግራይ ገዳማት መሄድ ነበረበት። ለጕዞ የሚሆን ስንቅና ብርታት ያለው ጥቂት ነው። ከሄዱትም መካከል ወደ መጣበት የሚመለሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያንን ከአለት ሊያስፈለፍሉ ይችሉ ነበር፤ መምህርን ግን ከአለት መፈልፈል አይቻልም።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ደብረ ዳሞን ለቀው ወደ ሐይቅ መጡ። ትውፊቱ መልአክ መርቷቸው እንደ መጡ ይናገራል። በደሴቲቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዘመን በፊት ተሠርቶ ነበር፤ የአገሩ ትውፊት መሠረቱን እስከ 9ኛው መቶ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ባዶ ምድር አልመጡም። ያገኙት አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የጐደለው ሥርዓተ ገዳም፥ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት ነው፤ እርሳቸውም ሥራቸውን ከዚያ ጀመሩ። ለመነኮሳቱ ከዳሞ የተማሩትን ሥርዓት አቆሙ። ከደሴቲቱ ውጭ ካሉት አገሮች የሚመጡትንም ወጣቶች እየተቀበሉ ማስተማር ያዙ።

የደሴቲቱ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ውሃው ከሽፍታና ከገበያ ጫጫታ ይጠብቃል፤ መሬቱ ግን ከአማራ ወደ ላስታና ወደ ትግራይ ከሚወስደው መንገድ የራቀ አይደለም። ከሸዋና ከአማራ የሚመጣ ተማሪ አሁን እስከ ዳሞ መድከሙ ቀረለት። የሐይቅ ትምህርት ቤት ዝና ብዙ ሳይቈይ በየአገሩ ተሰማ።

ስለ መጻሕፍቱ የምናውቀው በገድል ብቻ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሰጡት አንድ የብራና አርባዕቱ ወንጌል ሳይጠፋ ለእኛ ዘመን ደርሷል። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ የተሰጠበትን ዓመት ይናገራል፤ ይኸውም 1273 ዓ.ም. ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1280 ወይም 1281 መሆኑ ነው። ዘመናቸው በውስጣቸው ተጽፎ ከሚገኝ ሥዕል ካላቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከሁሉ ቀዳሚው ይህ መጽሐፍ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። በገጾቹ ላይ ከወንጌላውያን ሥዕል ጋር የአባ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ መገኘቱም ደሴቲቱ በዚያን ዘመን ከነበሩት ታላላቅ የመጻሕፍት ቤቶች አንዷ እንደ ነበረች ያስረዳል። ይህ መጽሐፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ከሌሎች የአገራችን የብራና መጻሕፍት ጋር በማይክሮፊልም ተነሥቷል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ሃያ ዓመት ያህል እንደ ቈዩ በአገሪቱ ታላቅ ለውጥ ሆነ። በ1262 ዓ.ም. የዛጔ መንግሥት ወድቆ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ነገሡ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገድል ይኩኖ አምላክ በልጅነታቸው በሐይቅ እንደ ተማሩና መንግሥቱንም ያገኙት በእኒሁ መነኩሴ ጸሎትና ርዳታ እንደ ሆነ ይናገራል። በሸዋ የተጻፉት ታሪኮች ግን ይህንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣሉ። ሁለቱ ገዳማት በዚህ ነገር ለብዙ ዘመን ተፎካክረዋል፤ እያንዳንዱም ወገን ክብሩን ወደ ራሱ መሳቡ የሚጠበቅ ነው። ንጉሡ ለሐይቅ ገዳም ባለውለታ መሆናቸውን የሚያመለክት አንድ ነገር ግን አለ። የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ተሰጠው፤ ይህም ማዕርግ በኋለኞቹ ዘመናት በቤተ መንግሥት እጅግ ከፍ ካሉት የቤተ ክህነት ሹመቶች አንዱ ሆነ። ወደ ንጉሥ አደባባይ የሚያደርስ ሹመት ለመነኩሴ የሚበጅ መሆን አለመሆኑን አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ተማሪዎች ሁሉ ዝናው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ተክለ ሃይማኖት የሸዋ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ወደ ሐይቅ ከመምጣታቸው በፊትም በአማራ አገር በሌላ መምህር ዘንድ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። ስለዚህ ወደ ደሴቲቱ ሲደርሱ ልጅ አልነበሩም። በሐይቅም ዐሥር ዓመት ያህል በመምህራቸው ሥር ሆነው እንደ ማንኛውም ተማሪ እየታዘዙ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ከምንጩ ለማየት ፈለጉና ወደ ደብረ ዳሞ ለመሄድ ተነሡ።

እዚህ ላይ መምህሩ ያደረጉት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ዐሥር ዓመት ያስተማሩትን፥ ገዳሙን ሊያስተዳድር የሚችለውን ሰው ከእጃቸው እንዲወጣ ፈቀዱ። የሄዱትም ወደ ራሳቸው ወደ መምህሩ መምህር፥ ወደ አባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። ተክለ ሃይማኖት በዳሞ ብዙ ዓመት ቈይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሐይቅ በኩል እንዳለፉ ይተረካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት፥ ኢየሱስ ሞዓ ቀድሞ ለተክለ ሃይማኖት ቀሚስና ቅናት ሰጥተው እንደ ነበር፥ አሁን ደግሞ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ዮሐኒ የተቀበሉትን ቆብና አስኬማ ለመምህራቸው እንደ ሰጡ ይናገራል። በዚህ የተነሣ የሁለቱ ገዳማት መነኮሳት ማን አባት፥ ማን ልጅ እንደ ሆነ ሲከራከሩ ኖረዋል። ነገሩ እንደ ትውፊቱ ከሆነ ግን ከራሱ ተማሪ እጅ ለመቀበል ያላፈረ መምህር እንደ ነበር ያሳያል፤ ተከራካሪዎቹ ይህን ያስተዋሉት አይመስልም።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሸዋ ከገቡ በኋላ በ1276 ዓ.ም. ገደማ በግራርያ ምድር ደብረ አስቦን መሠረቱ። መጀመሪያ ላይ ማኅበሩ በዋሻ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት መነኮሳት ነበር። ይህ ቦታ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ተክለ ሃይማኖት በ1305 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ሦስተኛው አበምኔት አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው በሸዋና ከሸዋ ባሻገር ባሉት አገሮች እየተከፋፈሉ አስተምረዋል፤ በየደረሱበትም ገዳማትን ተክለዋል።

ሌላው ተማሪ አባ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እርሳቸው ወደ ምዕራብ ተጕዘው በጣና ሐይቅ መካከል በምትገኘው በዳጋ ደሴት ላይ ገዳም መሠረቱ። ቤተ ክርስቲያኑንም በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ሰየሙት። ከአንድ ደሴት የወጣ ተማሪ ሌላ ደሴት መፈለጉና የመምህሩን ቤተ ክርስቲያን ስም ይዞ መሄዱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ በሐይቅ ያየውን ኑሮ በጣና ላይ መልሶ ለማቆም አስቦ እንደ ነበር ያስረዳል። ዳጋ እስጢፋኖስ ከጊዜ በኋላ የነገሥታት መቃብር፥ የመጻሕፍትና የንዋየ ቅድሳት መጠበቂያ ሆነ።

ተማሪዎቻቸው እንዲህ በየአቅጣጫው ሲበተኑ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደሴቲቱ አልወጡም። አንዱ ሲሄድ ሌላውን እየተቀበሉ፥ ከፊደል የሚጀምረውን ከፊደል፥ ከዳዊት የሚጀምረውን ከዳዊት እያስጀመሩ አረጁ። ኅዳር 26 ቀን 1285 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ በዚሁ ቀን ታስባቸዋለች። ትምህርት ቤቱ ከእርሳቸው በኋላም ቀጠለ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ብዙ መጻሕፍትን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ንባብና ጽሕፈት የተማሩት በዚችው ደሴት ላይ ነው።