ፓውል ጌርሶን ኡና፦ የኅብረ ህዋስ ማቅለምና የቆዳ ዕጢዎች ምደባ

ፓውል ጌርሶን ኡና እ.ኤ.አ. በ1850 በጀርመን የወደብ ከተማ በሐምቡርግ ከሐኪም አባት ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ዘመተ፤ ክፉኛም ቆሰለ። ካገገመ በኋላ በስትራስቡርግ ስለ ላይኛው የቆዳ ንጣፍ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ በቪየናም ከእነ ሄብራና ካፖሲ ዘንድ ሠለጠነ። ወደ ሐምቡርግ ሲመለስ ከተማዋ ገና ዩኒቨርሲቲ ስላልነበራት የምርምር ቤቱ ራሱ የከፈተው የቆዳ ክሊኒክ ሆነ።

በዚያ ዘመን የቆዳ ዕጢ የሚለየው በአብዛኛው በዓይን በሚታየው መልኩ ነበር። ኡና ግን የጀርመን ፋብሪካዎች የሚያወጧቸውን አዳዲስ ቀለሞች በስስ የቆዳ ቁራጭ ላይ ሞከረ። በሜቲሊን ብሉ ሲቀለም የማስት ህዋስ እንክብሎች ከአካባቢያቸው ሰማያዊነት ተለይተው ወደ ሐምራዊ ይቀላሉ። ህዋሱን ቀድሞ የገለጸው ፓውል ኤርሊክ ነው፤ ኡና ደግሞ በ1887 ኡርቲካሪያ ፒግሜንቶሳ በተባለው በሽታ ቡናማ ነጠብጣቦች ውስጥ ተከማችቶ አገኘው። በመልኩ ብቻ ይታወቅ የነበረው በሽታ በህዋሱ ማንነት ተመደበ።

በ1894 ባሳተመው የቆዳ በሽታዎች ሂስቶፓቶሎጂ መጽሐፉ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ የመርከበኞች ቆዳ እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚያመራ ገለጸ፤ ይህን ለማየት የወደብ ከተማ ሐኪም መሆን ሳይጠቅመው አልቀረም።

ይበልጥ ያከራከረው ስለ ኔቨስ፣ በተለምዶ ማርያም የሳመችው ስለሚባለው የቆዳ ነጥብ፣ ያቀረበው ሐሳብ ነው። የኔቨስ ህዋሳት ከላይኛው ንጣፍ ሥር በክምችት ተያይዘው፣ ከዚያ በታች ደግሞ ተበታትነው አየ፤ ስለዚህ ከላይኛው ንጣፍ የተገኙ ሆነው እንደ ጠብታ ወደ ታች ይወርዳሉ ብሎ ደመደመ። ይህ ከተቀበሉት፣ ከኔቨስ የሚነሣው አደገኛ ዕጢ ከካርሲኖማ ወገን ይሆናል። ነገር ግን የቀለመ ቁራጭ የቆመ ምስል ነው፤ ህዋሱ የት እንዳለ እንጂ ከየት እንደመጣ አያሳይም። ቀለም አምጪ ህዋሳት በጽንስ ጊዜ ከነርቭ ሥርዓት ጋር ከሚጋሩት ምንጭ ፈልሰው ወደ ቆዳ እንደሚገቡ ኋላ ተረጋገጠ። የኡና ስሕተት ግን ከዓይኑ ሳይሆን ከድምዳሜው ነበር።

የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ1919 ሲቋቋም ኡና የክብር ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1929 አረፈ። ዛሬ ኤስ-100 እና ሜላን-ኤ የተባሉት ፕሮቲኖች በፀረ-አካል ተቀልመው የዕጢውን ወገን ይጠቁማሉ። ሁለቱም ግን በኔቨስም በሜላኖማም ስለሚታዩ፣ ፓቶሎጂስቱ ህዋሳቱ ወደ ጥልቀት ሲወርዱ እያነሱ መሄድ አለመሄዳቸውን አሁንም በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።