ሙሴ ጋላል፦ የአርብቶ አደሩን ሰማይ በጽሑፍ ያቆዩት ምሁር

በማዕከላዊ ሶማሊያ በኤል አሊ መንደር አቅራቢያ የሚገኝ፣ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን ከጠፈር የወደቀ የብረት አለት፣ ቀደም ሲል በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት እንዳሉት በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 2022 አስታወቁ። አንዱ ማዕድን በመንደሯ ስም ተሰየመ። የአካባቢው ግመል አርቢዎች ግን አለቱን ለትውልዶች ያውቁት ነበር፤ በግጥም ያነሱታል፣ ቢላዋም ይስሉበታል።

እንዲህ ያለው የአርቢዎች ዕውቀት በቃል ብቻ እንዳይቀር ዕድሜያቸውን የሰጡት ሙሴ ሐጂ ኢስማኢል ጋላል በ1917 የተወለዱ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሰው ናቸው። ዛሬ ማሕሙድ ሃይቤን በመሰሉ ወረዳዎቿ የሰፋችው ሐርጌሳ የዚያች ግዛት መናገሻ ነበረች።

ሙሴ ሊጽፉ ሲነሱ የገጠማቸው ችግር የፊደል ነበር። ሶማሊኛ ሁሉም የተስማማበት ጽሕፈት አልነበረውም። የዐረብኛን ፊደል ለቋንቋው እንዲስማማ አሻሽለው አቀረቡ፤ ከቋንቋ ሊቁ አንድርዜየቭስኪ ጋር ሠርተውም በ1956 የሶማሌ ተረቶችን መድብል አሳተሙ። ከነጻነት በኋላ በተቋቋመው የቋንቋ ኮሚቴ ውስጥም አገለገሉ። ኮሚቴው ያዘነበለው ግን ወደ ላቲን ነበር።

በ1968 በሞቃዲሾ የታተመው ሥራቸው ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ሥነ ፈለክና ስለ ኮከብ ቆጠራ ነው። አርቢው ጨረቃ ኡሩር ከተባሉት ሰባቱ ከዋክብትና ድሪር ከምትባለው ኮከብ ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት ይቆጥራል፤ ጉ የተባለው የበልግ ዝናብ መቼ እንደሚጥል የሚገምተው በዚህ ነው። ግምቱ ከተሳሳተ መንጋው ውኃ ወደሌለበት ይነዳል፤ ግመልም ሰውም ያልቃል። ዓመቱ የሚጀምረው ዳብሺድ በተባለው የእሳት በዓል ሲሆን፣ የሚሰየመውም በዋለበት የሳምንት ቀን ነው።

ሙሴ የከዋክብቱን ስሌት ከጥንቆላው አልለዩትም። ለዛሬ ሳይንስ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም አርቢው ራሱ ሁለቱን ስለማይለያይ፣ ለይተው ቢጽፉት ኖሮ መዝገቡ የእርሱ ባልሆነ ነበር።

ሶማሊኛ በ1972 የላቲን ፊደልን ይፋዊ ጽሕፈቱ አደረገ። ሙሴ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1980 አረፉ። የኤል አሊው አለት ደግሞ ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና ሳይወሰድ እንዳልቀረ ተዘግቧል።